ጠባቂያችንን እኛ እንጠብቀው
(ስለ ቡችላ አስተዳደግና እንቅስቃሴ የቀረበ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን፡፡

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች! በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ውሻ የሌለበት ግቢ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፡፡ ሌሊት ጅብ ወደ በረት ሲቀርብ የሚጮኸው፣ ቀን በጎቻችንን ከቀበሮ የሚከላከለው፣ እንግዳ ሲመጣ አስቀድሞ የሚነግረን እርሱ ነው፡፡ እኛ ግን ስለ በጉና ስለ በሬው የምናስበውን ያህል ስለ ውሻው አናስብም፡፡ ቡችላ ከጎረቤት ይመጣል፤ የተገኘ ፍርፋሪ ይጣልለታል፤ እንደ ዕድሉ ያድጋል ወይም ይሞታል፡፡ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ነገር አንድ ነው፡፡ ይኸውም ቡችላን በመጠን ማንቀሳቀስ፣ ከቤት አጠገብ ማሳደግና ማስከተብ ለቡችላው ብቻ ሳይሆን ለቤታችን ሕፃናት፣ ለበጎቻችንና በአገራችን ተራራ ላይ ለሚኖሩት አራዊት ጭምር ጥበቃ መሆኑን ነው፡፡

ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ፡፡ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ በጥቅምት ወር አጎቴ አንድ ቡችላ ሰጠኝ፡፡ አንበሶ ብዬ ስም አወጣሁለት፡፡ ሁለት ወር እንደ ሞላው በማግሥቱ በጎች ይዤ ስወጣ አስከተልሁት፡፡ ከጠዋት እስከ ማታ ስሮጥ ይሮጣል፤ ከካብ ስዘል ይዘላል፡፡ ጎበዝ ውሻ የማሳድግ መስሎኝ ነበር፡፡ በኅዳር መጨረሻ ኋላ እግሩን ማንከስ ጀመረ፡፡ በዚያው ሰሞን ውሻ የሚከትቡ ባለሙያዎች ወደ ቀበሌያችን መጥተው አባቴ «ውሰደው» ሲለኝ፣ «ገና ቡችላ ነው፤ ለከርሞ ይደርሳል» ብዬ ተውሁት፡፡ በታኅሣሥ ደግሞ የሞተ አህያ ከተጣለበት ሜዳ ላይ አንድ ባለቤቱ የማይታወቅ ውሻ ጆሮውን ነከሰው፡፡ ቁስሉ ስለ ዳነ ለማንም አልተናገርሁም፡፡ ከዚያ በኋላ የሆነውን ወደ ፊት በቦታው እነግራችኋለሁ፡፡ አሁን በቅድሚያ እኔ ያላወቅሁትን እንማር፡፡

ውሻ በቅዱሳት መጻሕፍት

አንዳንዶቻችን «ውሻ ርኩስ ነውና ስለ እርሱ መጨነቅ ምን ያደርጋል?» እንል ይሆናል፡፡ ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ መጠንቀቃችን ተገቢ ነው፡፡ ቅዳሴ በምንሄድበት ዕለትም ተከትሎን እንዳይመጣ በግቢያችን ውስጥ፣ ጥላና ውኃ ባለበት ልንተወው ይገባል፡፡ ይህ ማለት ግን እንዲራብና እንዲታመም እንተወው ማለት አይደለም፡፡

ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ በሆነው በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦቢያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሩቅ መንገድ ሲሄድ ውሻውም አብሮት እንደ ሄደ፣ ሲመለስም አብሮት እንደ ተመለሰ እናነባለን፡፡ ጻድቁ ኢዮብም ስለ መንጋው ጠባቂ ውሾች ይናገራል፡፡ በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 12 ደግሞ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ተጽፏል፡፡ እንግዲህ እንስሳን መንከባከብ ከመንፈሳዊ ሕይወት ውጭ የሆነ ነገር አይደለም፡፡

ሀ. ቡችላ መቼ ከእናቱ ይለይ?

ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት እስኪሞላው ድረስ ከእናቱና ከወንድሞቹ መለየት የለበትም፡፡ የእናቱ ወተት በሽታ የሚከላከል ኃይል ይሰጠዋል፡፡ ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ደግሞ ጥርሱን በመጠን መጠቀም ይማራል፤ አጥብቆ ሲነክስ ሌላው ይጮኻል፣ ጨዋታውም ይቆማል፡፡ ቀድሞ የተለየ ቡችላ ይህን ትምህርት ስለማያገኝ ሲያድግ ነካሽ ሊሆን ይችላል፡፡

በዚህ አጋጣሚ አንድ መጥፎ ልማድ ላንሣ፡፡ ወንዱን መርጠን ሴቶቹን ቡችላዎች በመንገድ ዳር ወይም በገበያ አጠገብ የምንጥል ሰዎች አለን፡፡ ከተጣሉት መካከል የሞቱት ይሞታሉ፤ የተረፉት ባለቤት የሌላቸው ውሾች ይሆናሉ፡፡ በሽታን ከመንደር መንደር የሚያዛምቱትም በአብዛኛው እነዚህ ያልተከተቡና የሚንከራተቱ ውሾች ናቸው፡፡ ዛሬ የጣልናት ቡችላ ነገ ከነልጆቿ ወደ ደጃችን ትመለሳለች ማለት ነው፡፡

ለ. ምግብና ማደሪያ

የቡችላ ሆድ ትንሽ ስለ ሆነ ምግቡን ከፋፍሎ መስጠት ያስፈልጋል፡፡ እስከ አራት ወር ድረስ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ እስከ ስድስት ወር ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ይበላል፡፡ በእኛ አገር የገብስ ቂጣ በአጥንት መረቅ ወይም በጥቂት ወተት አርሶ፣ ሲገኝም የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ጨምሮ መስጠት ይቻላል፡፡ ወተት ሲበዛ ግን ያስቀምጠዋል፡፡ ንጹሕ ውኃ ምንጊዜም ከአጠገቡ አይጥፋ፡፡

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ፡፡ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከቤታችን ሥጋና ወተት ይጠፋል፡፡ ጾሙ የእኛ እንጂ የቡችላው አይደለም፡፡ በማደግ ላይ ያለ እንስሳ ሁለት ወር ሙሉ ቂጣ ብቻ ቢበላ አጥንቱም ጡንቻውም ይደክማል፡፡ ስለዚህ እኛ የማንቀምሰውን እንቁላል ወይም ወተት ለእርሱ መስጠት ጾማችንን አያጎድልብንም፡፡

ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ለውሻ ደም ጎጂ ስለ ሆነ አይሰጠው፡፡ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፡፡

ማደሪያውን በተመለከተ፣ የመንዝ ውርጭ ለማንም አይራራም፡፡ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ትንሽ ቡችላ ውጭ ሜዳ ላይ ማደር አይችልም፡፡ ከነፋስ በተከለለ ጥግ ገለባ ጎዝጉዞ ያረጀ ባና ወይም ጆንያ ማንጠፍ ይበቃዋል፡፡ ቁንጫ እንዳይራባ ገለባው ቶሎ ቶሎ ይቀየር፤ ጨርቁም ፀሐይ ይምታው፡፡

ሐ. እንቅስቃሴ፤ በመጠን ይሁን

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፡፡ ቡችላ ሲሮጥና ሲዘል ስናየው ድካም የማያውቅ ይመስለናል፡፡ ነገር ግን የእግሮቹ አጥንቶች ጫፍ፣ ዕድገት የሚካሄድበት ክፍል፣ ገና ለስላሳ ነው፡፡ ይህ ክፍል ጠንክሮ የሚዘጋው ቡችላው አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ግዙፍ በሆኑ ውሾች ከዚያም ይዘገያል፡፡ ከመዝጋቱ በፊት በረጅም ሩጫ ወይም ከከፍታ በመዝለል ቢጎዳ እግሩ ሊጣመምና መገጣጠሚያው ዕድሜ ልክ ሊያመው ይችላል፡፡ የአንበሶ ማንከስ ምክንያቱ ይህ እንደ ሆነ የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፡፡

ታዲያ ስንት ይበቃዋል? ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች የሚከተሉት አንድ ግምት አለ፡፡ ለእያንዳንዱ የዕድሜው ወር አምስት ደቂቃ ያህል፣ በቀን ሁለት ጊዜ ማራመድ ነው፡፡ በዚህ መሠረት የሁለት ወር ቡችላ ዐሥር ደቂቃ፣ የሦስት ወሩ ዐሥራ አምስት፣ የአራት ወሩ ሃያ ደቂቃ ይራመዳል፡፡ ይህ ቁጥር መነሻ ግምት እንጂ የማይለወጥ ሕግ አይደለም፡፡ ዋናው ቁም ነገር በግድ መጎተትና በፈቃድ መጫወት የተለያዩ መሆናቸው ነው፡፡ ቡችላ በግቢ ሣር ላይ በራሱ ፈቃድ ሲጫወት ሲደክመው ይተኛል፡፡ ከበግ ጠባቂ ወይም ከፈረሰኛ ኋላ ሲሮጥ ግን ጌታው እንዳይጠፋበት ስለሚፈራ ደክሞትም አያርፍም፡፡ ቡችላ በቀንና በሌሊት ተደምሮ ዐሥራ ስምንት ሰዓት ያህል ቢተኛ የሰነፍ ምልክት አይደለም፤ የሚያድገው በእንቅልፉ ነው፡፡

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠንቀቅ፡፡

1. ከካብ፣ ከእርከንና ከደረጃ ላይ እንዲዘል አናድርገው፡፡ ከፍ ያለ ቦታ ሲያጋጥም ተሸክመን እናሳልፈው፡፡

2. ከፈረስ ወይም ከበቅሎ ኋላ አናስሩጠው፡፡

3. ከበላ በኋላ ወዲያው አናስሩጠው፤ አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ፡፡

4. ወደ ኋላ ከቀረ፣ ከተኛ ወይም ካነከሰ ጉዞው አብቅቷል፡፡ በዱላ ነድተን ሳይሆን ታቅፈን እንመልሰው፡፡

5. እንደ ጀማና እንደ ወንጪት ሸለቆዎች ባሉት ቆላማ ቦታዎች በቀትር አናውጣው፡፡ ውሻ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልብም፤ ሙቀት የሚያስወጣው በአብዛኛው በማለክለክ ነው፡፡ የእጃችንን ጀርባ መሬቱ ላይ አስቀምጠን ማቆየት ካልቻልን የቡችላው መዳፍም አይችልም፡፡ ማለክለኩ በዝቶ ከተንገዳገደ ወደ ጥላ ወስደን ገላውን በውኃ ማራስና ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ያስፈልጋል፡፡

6. የአንገቱ ማሰሪያ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፡፡ ቡችላ በየሳምንቱ ስለሚያድግ ማሰሪያውም በየሳምንቱ ይታይ፡፡ ጠብቆ ሥጋ ውስጥ የገባ ገመድ ያየ ሰው ይህን ምክር አይንቅም፡፡ ቀን ከሌሊት በአጭር ገመድ ታስሮ የሚኖር ውሻም ኃይለኛ ሳይሆን ፈሪና ነካሽ ይሆናል፡፡

ከእግር እንቅስቃሴ ሌላ የአእምሮ እንቅስቃሴም አለ፡፡ ከሦስት እስከ ዐሥራ አራት ሳምንት ባለው ዕድሜ ቡችላ ያየውን ሁሉ እንደ ወዳጅ ይቀበላል፡፡ ስለዚህ በዚህ ጊዜ ከበግ ግልገሎች ጋር እኛ እያየነው እናለማምደው፤ ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችን፣ ጥላ የያዘ ካህንን፣ በቅሎንና ዶሮን ይይ፡፡ ስሙን ስንጠራ ሲመጣ ቁራሽ ቂጣ እንስጠው፡፡ ሲጠሩት የሚመለስ ውሻ ከገደልም፣ ከመኪናም፣ ከጠብም ይድናል፡፡ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የተባለው የሚመግበውን ሰው ስለሚያምን ነው፤ የሚመታውን እጅ ግን ይፈራል፣ የፈራ ውሻም ይነክሳል፡፡ ኃይለኛ ይሆናል ብሎ ቡችላን በእንጨት እየነካኩ ማናደድ ለራሳችን ልጆች ጠላት ማሳደግ ነው፡፡

ከመንጋ ጋር መውጣትን በተመለከተ፣ ስድስት ወር ሲሞላው በአቅራቢያ ለጥቂት ሰዓት፣ ዓመት ሲያልፈው ሙሉ ቀን ቢሆን መልካም ነው፡፡ ክትባቱን ሳይጨርስ ግን በድን ወደ ተጣለበት ቦታ ወይም የማይታወቁ ውሾች ወደሚሰበሰቡበት ሜዳ ፈጽሞ አይሂድ፡፡

መ. ክትባትና ትል

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ ይገባዋል፡፡ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም የእንስሳት ጤና ባለሙያው በሚያዝዘው ጊዜ ይቀጥላል፡፡ እኔ «ገና ቡችላ ነው» ያልሁበት ዕድሜ ክትባቱ የሚጀመርበት ዕድሜ ነበር፡፡ ዲስቴምፐርና ፓርቮ የሚባሉት በሽታዎችም ቡችላን በብዛት ይገድላሉ፡፡ የመጀመሪያው ከዐይንና ከአፍንጫ ፈሳሽ፣ ሳልና በመጨረሻም መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ሁለተኛው ትውከትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ነው፡፡ ክትባታቸው በሚገኝበት ቦታ ሁሉ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እስከ ዐሥራ ስድስት ሳምንት ድረስ ይሰጣል፡፡

ትልን በሚመለከት፣ ብዙ ቡችላዎች ሲወለዱ ጀምሮ በሆዳቸው ትል አለ፡፡ ሆዱ የተነፋ፣ ጸጉሩ የቆመ ቡችላ ጠግቦ ሳይሆን በትል ተይዞ ሊሆን ይችላል፡፡ መድኃኒቱ ሁለት ሳምንት ሲሞላው ተጀምሮ እስከ ሦስት ወር ድረስ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል፡፡ ሕፃናትም ቡችላ ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፡፡

ለእኛ ለበግ አርቢዎች ደግሞ ይህን ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው፡፡ በግ በአንድ ቦታ እየዞረች፣ ራሷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ስትታመም አዙሪት ያዛት እንላለን፡፡ የዚህ በሽታ መነሻ የውሻ የሆድ ትል ነው፡፡ አዙሪት የያዛት በግ አንጎል ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አለ፡፡ ያችን በግ አርደን ጭንቅላቷን ለውሻ ስንጥል በከረጢቱ ያለው ተባይ በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፡፡ የትሉ እንቁላል በውሻው ዓይነ ምድር ሣር ላይ ይወድቃል፤ ሣሩን የበላች ሌላ በግ ደግሞ በተራዋ ትዞራለች፡፡ በሳንባና በጉበት ላይ የምናየው ውኃ የቋጠረ ከረጢትም እንዲሁ የውሻ ትል ዘር ነው፤ ይኸኛው ወደ ሰው ተላልፎ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያድጋል፡፡ በመሆኑም በፋሲካም ሆነ በሌላ በዓል ስናርድ ጭንቅላትን፣ ሳንባንና ጉበትን ጥሬውን ለውሻ አንጣል፡፡ የታመመውን በጥልቅ እንቅበር ወይም እናቃጥል፤ ጤነኛውንም ቀቅለን እንስጥ፡፡ ውሻውም ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት ባለሙያው እንዳዘዘው ይውሰድ፡፡

ሠ. ውሻ ቢነክስ

አሁን ያቆየሁትን ታሪክ ልጨርስ፡፡ በየካቲት ወር አንበሶ ጠባዩ ተለወጠ፡፡ ብርሃን እየሸሸ ከአልጋ ሥር መደበቅ ጀመረ፤ ምግብ ተወ፤ ድምፁ ጎርንኖ አፉ ለሃጭ ያዝረከርክ ጀመር፡፡ ታናሽ እኅቴ አዝናለት ቂጣ ስትዘረጋለት ጣቷን ጫር አደረጋት፡፡ እንዳትመታ ፈርታ ዝም አለች፡፡ እናቴ ግን ማታ እግሯን ስታጥባት ጣቷን አይታ ጠየቀቻት፡፡ እኔም ያን ጊዜ የታኅሣሡን የጆሮ ንክሻ እያለቀስሁ ተናገርሁ፡፡ አባቴ አንድም ቃል አልተቆጣም፡፡ ጣቷን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለረጅም ጊዜ አሳጠባት፡፡ አያቴ «ጸበል ትወሰድ» አለች፡፡ አባቴም «እማዬ፣ ጸበሉንም ትጠመቃለች፤ መርፌውንም ትወጋለች፡፡ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው» ብሎ በነጋታው ክትባት ወዳለበት ሆስፒታል ይዟት ሄደ፡፡ አንበሶ በሦስተኛው ቀን በታሰረበት ሞተ፡፡ እኅቴ መርፌዋን በቀጠሮው ሁሉ ጨርሳ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ በጤና አለች፡፡

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ለማለት ይቻላል፡፡ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል፡፡ በሽታው ከንክሻው በኋላ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ዓመት ተደብቆ ይቆያል፤ ስለዚህ «ቁስሉ ድኗል» ማለት «በሽታው የለም» ማለት አይደለም፡፡ የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1885) በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን ከትቦ ሞቱን ካስቀረ ወዲህ ይህ መንገድ ለዓለም ተከፍቷል፡፡ ይሁን እንጂ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው ዛሬም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ከመቶ አርባ የሚሆኑት ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ በሽታው ወደ ሰው የሚመጣውም ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጅ በውሻ ነው፡፡ ፓስተር ያረፈበት እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን በዓለም ዙሪያ የእብድ ውሻ በሽታ መታሰቢያ ሆኗል፡፡ ይህም በእኛ አቈጣጠር በአብዛኛው ዓመት መስከረም 18፣ የመስቀል ማግሥት ነው፡፡

እንግዲህ ቢደርስብን እንዲህ እናድርግ፡፡

አንደኛ፣ ንክሻ ብቻ ሳይሆን ቧጨራም ቢሆን፣ የተላጠ ቆዳ በውሻ ቢላስም እንኳ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ዐሥራ አምስት ደቂቃ እንጠብ፡፡ ዐመድ፣ በርበሬ ወይም ቅጠል አንጨምርበት፡፡

ሁለተኛ፣ ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ተቋም እንሂድ፤ መርፌውንም «አሁን ደኅና ነኝ» ብለን አናቋርጥ፡፡

ሦስተኛ፣ ውሻው በአደጋ ሳንወድቅ መታሰር የሚችል ከሆነ ዐሥር ቀን ይታይ፡፡ ዐሥሩን ቀን በጤና ካለፈ በነከሰበት ጊዜ በሽታው በምራቁ አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም ይህን ሰምቶ ይወስናል፡፡ ሕክምናው ግን ዐሥሩ ቀን እስኪሞላ አይጠብቅም፡፡ ያበደ ውሻን በእጅ ለመያዝ ማንም አይሞክር፡፡ የበሽታው ምልክት ሁልጊዜ ቁጣ እንዳልሆነም እናስታውስ፤ ዝም ብሎ መደበቅ፣ መንጋጋ መውደቅና መንገዳገድም ምልክት ነው፡፡

አራተኛ፣ ወላጆችና ታላላቆች ሆይ፣ ልጅ ተነክሶ ሲመጣ አትምቱት፡፡ በፍርሃት የተደበቀች ትንሽ ጭረት ነፍስ ልታጠፋ ትችላለች፡፡

ረ. ጓሳና ቀይ ቀበሮ

የውሾቻችን ነገር ከግቢያችን አልፎ ይሄዳል፡፡ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርሰው የመንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ፡፡ ይህን ቦታ አባቶቻችን በእነ አውሮፓ አቈጣጠር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፡፡ ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በደንብና በድርሻ ከፍተው ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዱ፣ ከብት ያሰማሩ ነበር፡፡ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቆየው ሥርዓት ቢፈርስም ሕዝቡ ጓሳን መጠበቁን በሌላ መልክ እስከ ዛሬ ቀጥሏል፡፡

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፡፡ በመላው አገራችን ያሉት 500 ገደማ ብቻ እንደ ሆኑ ይገመታል፡፡ በብዛት የሚመገበው አይጥና ፍልፈል ነው፡፡ ትልቁ ጠላቱ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፡፡ በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003 እና 2004) የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በወረርሽኙ በተጠቃው ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስት እጅ የሚሆኑትን ጨርሷል፤ በእ.ኤ.አ. 2010 እና 2015 ደግሞ ዲስቴምፐር ብዙዎችን ገድሏል፡፡ እነዚህ አራዊት በቤተሰብ ተሰብስበው የሚኖሩ ስለ ሆኑ በሽታው አንዱን ሲይዝ ሁሉንም ይይዛል፡፡ ያልተከተበ ቡችላዬን ወደ ዳር ሜዳ ስወስድ እኔም ሳላውቅ ይህንኑ አደጋ ይዤ ነበር የምሄደው፡፡ በጓሳ ዙሪያ የምንኖር ሁሉ ውሾቻችንን ብናስከትብ፣ ወደ ጓሳም ባናስከትል፣ አባቶቻችን በቄሮ የጠበቁትን እኛ በክትባት ጠበቅነው ማለት ነው፡፡

ማጠቃለያ

ወንድሞችና እኅቶች! ውሻ እኛን የሚጠብቀው ሌሊቱን ሙሉ ነው፡፡ እርሱን መጠበቅ ግን ከእኛ የሚፈልገው በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ ጥቂት ምግብ፣ በዓመትም አንድ ቀን ለክትባት ነው፡፡ እኔ ያችን አንድ ቀን ነፍጌ ቡችላዬን አጣሁ፤ እኅቴንም ለማጣት ቀርቤ ነበር፡፡ እናንተ ከእኔ ጥፋት ተማሩ፡፡ በመጪው ሳምንት እያንዳንዳችን በቤታችንና በጎረቤታችን ያሉትን ውሾች ቈጥረን፣ ያልተከተቡትን ለይተን፣ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ የምንወስድበትን ቀን ብንወስን ይህ ትምህርት ፍሬ አፈራ ማለት ነው፡፡

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የሦስት ወር ቡችላ ሙሉ ቀን በጎችን ተከትሎ ቢውል ምን ጉዳት ይደርስበታል?

2. በግቢ መጫወትና በግድ መራመድ በምን ይለያያሉ?

3. የአዙሪት በሽታ ከውሻ ወደ በግ እንዴት እንደሚዞር በቅደም ተከተል ተናገሩ፡፡

4. ታናሽ ወንድማችሁ በውሻ ቢጫር በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?

5. በሰፈራችሁ ያልተከተበ ውሻ ስንት አለ? በሚቀጥለው እሑድ ቈጥራችሁ ኑ፡፡

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፡፡